ለብቻ የተቀመጠ ልጅ፣ ለብቻዋ የቀረች አስተማሪ

(በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ሰቢል ላይ በተደረገው የማህበራችን ስብሰባ ከአንዲት አባላችን የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ዓርብ ነው። አንዳንዶቻችሁ ማዳምን ሳምንት ሙሉ ለምናችሁ ነው የወጣችሁት። ከመካ ለሊሞዚን ከፍላችሁ የመጣችሁም አላችሁ። ስለዚህ ብዙ አላስቀምጣችሁም። የማወራው ስለ ልጆቻችን የማስተማሪያ ክፍል ነው። ከንግግሬ በኋላ እጅ አውጥተን እንወስናለን፤ ትቀጥል ወይስ ትዘጋ። እጃችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ግን ስለ አስተማሪዋ እንድታስቡ እፈልጋለሁ። ስለ ልጆቹ ሁላችንም እናዝናለን፤ ስለ እሷ ግን እስካሁን እዚህ ቤት አንድም ቀን ተነስቶ አያውቅም።

እኔ አስተማሪ አይደለሁም። ወሎ 10ኛ ክፍል ተምሬ፣ ማትሪኩ ሳያሳልፈኝ ሲቀር ኮንትራት ይዤ የመጣሁ የቤት ሠራተኛ ነኝ። ልጅም የለኝም። የማህበሩን የመዋጮ ደብተር የምይዘው እኔ ስለሆንኩ ግን የክፍሏን ኪራይና የአስተማሪዋን ገንዘብ በየወሩ የማደርሰው እኔ ነኝ። በዚያ ምክንያት ነው ገብቼ ያየሁት።

አይታችሁ ለማታውቁ ልንገራችሁ። አንድ ክፍል ናት፤ ምንጣፍ ተነጥፏል፣ ግድግዳው ላይ ነጭ ሰሌዳ አለ። 19 ልጆች አሉ፤ ትንሹ 5 ዓመቱ ነው፣ ትልቋ 13። አገር ቤት ሀሁ ሲቆጠር ከመንገድ ይሰማል አይደል? እዚህ ልጆቹ ሀሁን የሚቆጥሩት በሹክሹክታ ነው። ጎረቤት እንዳይሰማ ሙከይፉ በኃይል ይከፈታል፤ ድምፁ የልጆቹን ድምፅ ይሸፍናል። በር ሲንኳኳ ሁሉም ዝም ይላሉ። ዝም በሉ የሚላቸው እንኳ አያስፈልጋቸውም።

እነዚህ ልጆች ለምን ለብቻቸው ሆኑ? ሁለት መንገድ ነው።

አንዱ በእናቶቻቸው በኩል ነው። የቤት ሠራተኛ ቪዛ ቤተሰብ አያስመጣም። ልጁ እዚሁ ከተወለደ ደግሞ ለልደት ወረቀቱ የጋብቻ ወረቀት ይጠየቃል። ከከፊሏ ቤት የወጣች ሴት ይህን ከየት ታመጣለች? የልደት ወረቀት ከሌለ ኢቃማ የለም። ኢቃማ ከሌለ ደግሞ ትምህርት ቤቶች ተማሪ በሚመዘግቡበት ‹ኑር› በሚባለው የኮምፒውተር መዝገብ ላይ የሚሞላ ቁጥር የለም። ልጁ ጎበዝ ነው ሰነፍ ነው ብሎ የጠየቀ ማንም የለም። ገና በሩ ጋ ቁጥሩ ቀረ።

ሁለተኛው መንገድ ወረቀት የነበራቸው ናቸው። ከ2009 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ጀምሮ በአባት ኢቃማ ላይ ላለ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ክፍያ መጥቷል። መጀመሪያ በወር 100 ሪያል ነበር። በየዓመቱ 100 እየተጨመረ ዘንድሮ 300 ደርሷል፣ ለከርሞ 400 ነው። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ሚስትና ሦስት ልጆች ያሉት ሹፌር ለአራት ሰው በወር 1,200 ሪያል ይመጣበታል፤ በዓመት 14,400። የሚከፈለውም ኢቃማ ሲታደስ በአንዴ ነው። ደሞዙ 2,000 የሆነ ሰው የቤት ኪራይ ከፍሎ፣ ልጆች አብልቶ ይህን ከየት ያመጣል? ግማሹ ቤተሰቡን አገር ቤት ሰደደ። ግማሹ ሳያድስ ቀረ። ሳያድስ የቀረው ሰው ልጆች ትናንት ዩኒፎርም ለብሰው የሚሄዱ ነበሩ፣ ዛሬ እኛ ምንጣፍ ላይ ናቸው። ከ19ኙ 7ቱ እንዲህ የመጡ ናቸው።

አሁን ትንሽ ራቅ ልበልና አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከሥራ በኋላ ማታ ማታ በስልኬ ሳነብ ያገኘሁት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻ ላይ በእስራኤል፣ ፔታ ቲክቫ በምትባል ከተማ፣ ላመርሃቭ በተባለ ትምህርት ቤት አራት የኢትዮጵያውያን ሴት ልጆች ከሌሎቹ ተለይተው በአንድ ክፍል ለብቻቸው ሲማሩ ተገኙ። ልብ በሉ፣ እነዚህ የቤተ እስራኤል ልጆች ናቸው፤ የአገሩ ዜጎች ናቸው፣ ወረቀት አልጎደላቸውም። የእረፍት ሰዓታቸው እንኳ ከሌሎቹ ጋር እንዳይገጥም ተደርጎ ነበር። ሁሉንም ትምህርት የሚያስተምር አንድ መምህር ተመድቦላቸዋል። ትምህርት ቤቱ የሰጠው ምክንያት ቤተሰቦቻቸው በሃይማኖቱ በበቂ አይጸኑም የሚል ነው። ነገሩ በጋዜጣ ወጣና አገሩ ተንጫጫ።

በዚህም አላበቃም። እዚያችው ከተማ በ2009 እንደ እነሱ አቆጣጠር፣ አንዳንድ የሃይማኖት ትምህርት ቤቶች የኢትዮጵያውያንን ልጆች አንቀበልም ብለው ትልቅ ጭቅጭቅ ሆነ። በ2011 ደግሞ ኔር ኤጽዮን የሚባል ትምህርት ቤት ተማሪዎቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም የእኛው ልጆች ብቻ ሆነው ነበር። ወላጆች ምን አደረጉ መሰላችሁ? ‹‹ትምህርት ቤታችን ነው›› ብለው አልተከራከሩም። ዝጉልንና ልጆቻችን ከሌላው ልጅ ጋር ተቀላቅለው ይማሩ ብለው ሰልፍ ወጡ።

ስለዚህ ጉዳይ የሚያወራ ሁሉ የሚያወራው ስለ አራቱ ልጆች ነው። ልክ ነው፣ ያሳዝናል። እኔን ግን እንቅልፍ የነሳኝ ያ አንድ መምህር ነው። በእረፍት ሰዓት ከማን ጋር ሻይ ይጠጣል? ሒሳቡ ለአንዷ ልጅ አልገባት ሲል ማንን ይጠይቃል? ልጆቹ ጎበዞች ናቸው ብሎ ቢመሰክር ታዲያ ለምን ለብቻ ተቀመጡ ሊባል ነው። ዝም ካለ ደግሞ ግድግዳውን ደግፎ የያዘው እሱ ሆነ። ልጅን ለብቻ ያስቀመጠ ሰው መምህሩንም አብሮ ለብቻ ያስቀምጠዋል። ይህ ነው ዛሬ የምለው ነገር።

ሌላም አለ። አውሮፓ ውስጥ ሮማ የሚባሉ ሕዝቦች አሉ፤ ጂፕሲ ሲባሉ ሰምታችሁ ይሆናል። ቼክ በሚባለው አገር፣ ኦስትራቫ በምትባል ከተማ የነበሩ 18 የሮማ ልጆች ጉዳያቸው እስከ ስትራስቡርግ፣ እስከ አውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ። ልጆቹ የተመደቡት የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለባቸው ልጆች በተዘጋጀ፣ ትምህርቱ በቀለለ ልዩ ትምህርት ቤት ነበር። በዚያች ከተማ የሮማ ልጅ ወደዚያ ትምህርት ቤት የመላኩ ዕድል ከሌላው ልጅ 27 እጥፍ እንደሆነ ለፍርድ ቤቱ ቀርቧል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 13 ቀን 2007 ፍርድ ቤቱ ይህ አድልዎ ነው ብሎ ፈረደላቸው።

እዚያ የሚያስተምረውን ሰው አስቡት። ልጁ እጁ ላይ የሚደርሰው ‹‹አይችልም›› የሚል ወረቀት ይዞ ነው። መምህሩም የሚሰጠው መጽሐፍ የቀለለው ነው። ልጁ የቀለለውን ስለተማረ ወደ ኋላ ይቀራል። ወደ ኋላ ሲቀር ደግሞ ‹‹ብለን ነበር እኮ›› ይባላል። ጥሩ መምህር ቢሆን እንኳ በዚያ ወፍጮ ውስጥ ስንት ዓመት ይቆያል? ወይ ይሄዳል፣ ወይ እሱም ማመን ይጀምራል።

እና ይሄ የነጭ አገር ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እኛም አገር አለ። ከፋ ውስጥ ማንጆ የሚባሉ ወገኖች አሉ፤ ከእነሱ ጋር አብሮ መብላት ነውር ተደርጎ የኖረ ነው። ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ሲገቡ አጠገባቸው አልቀመጥም የሚል ተማሪ ነበር። እዚያ የተለየ ክፍል አላስፈለገም፤ አንድ አግዳሚ ወንበር በቂ ነው። ማን ከማን ጋር ይቀመጥ የሚለውን የሚወስነውም መምህሩ ነው። ስለዚህ መምህሩ ብቻውን ከሆነ፣ የሚያግዘው ከሌለ፣ መንደሩን ፈርቶ ያለውን እንዳለ ይተወዋል።

አሁን ወደ ሰቢል እንመለስ።

አስተማሪያችን አገር ቤት በመምህርነት የሠለጠነች ናት። እዚህ የመጣችው እንደኛው በቤት ሠራተኛ ኮንትራት ነው። ስሟን አልጠራም፤ እናንተም አትጥሩ። ባለፈው ወር ገንዘቧን ይዤላት ስሄድ ተቀብላ ‹‹ከመስከረም በኋላ ሌላ ሰው ፈልጉ›› አለችኝ። ምን አጠፋን አልኳት። ምንም አላጠፋችሁም አለች። ከዚያ ትንሽ ዝም ብላ የነገረችኝን ፈቅዳልኝ ነው የምነግራችሁ።

‹‹አገር ቤት ሳስተምር ባልደረባ ነበረኝ። ትምህርቱ ካልሄደልኝ ጎኔ ካለው ክፍል ሄጄ እጠይቃለሁ። ርእሰ መምህሩ ገብቶ ያየኛል፣ ይቆጣኛል፣ ያመሰግነኛል። እዚህ ደህና አስተምሬ ይሁን አበላሽቼ የሚነግረኝ የለም። በአንድ ሰዓት ውስጥ ለአንዱ ሀሁ፣ ለአንዷ ማካፈል፣ ለሌላው ዓረብኛ ነው የማስተምረው። ድሮ ልጆችን ስታድጉ ምን መሆን ትፈልጋላችሁ እላለሁ። አሁን አልጠይቅም። አንዷ ሐኪም ብትለኝ ምን ብዬ ልመልስላት? ሳልጠይቅ ስቀር ደግሞ የማስተምረውም እየቀነሰ መጣ። ያኔ ነው ራሴን የፈራሁት።››

ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም። ቆማ ሰሌዳ እየጠረገች ነበር።

እህቶቼ፣ ‹‹የማስተምረውም እየቀነሰ መጣ›› ያለችውን ያዙልኝ። የኦስትራቫው ነገር ይኸው ነው። እዚያ በመንግሥት ወረቀት ነው የቀነሰው፣ እዚህ ደግሞ በብቸኝነት። እናቶች ሳንቀር ክፍሏን ‹‹ማቆያ›› ነው የምንላት። ‹‹ልጄን ማቆያ አድርሻት ልምጣ›› ይባላል። አስተማሪን ማቆያ ጠባቂ ካልናት ውላ አድራ ጠባቂ ትሆናለች።

የልጆቹ ጉዳት ደግሞ እዚሁ አያበቃም። በ2009 የምሕረት ጊዜ እናቱ ይዛው ወደ ሐርቡ የገባ ልጅ አውቃለሁ። 11 ዓመቱ ነበር። ስንተኛ ክፍል ነህ ሲሉት መልስ የለውም፤ ምን እንደተማረ የሚያሳይ አንድ ወረቀት አልያዘም። ከ7 ዓመት ልጆች ጋር አንደኛ ክፍል አስገቡት። ጉልበቱ ከዴስኩ ሥር አይገባም። የዚያ ክፍል መምህርም ግራ ገባው፤ ክፍሉ በልጅ ሞልቷል፣ ይሄ ልጅ ዓረብኛ እየቀላቀለ ያወራል፣ ትንንሾቹ ይስቁበታል። በዓመቱ ትምህርቱን ትቶ ሱቅ ተቀጠረ። እዚህ የተለየው ልጅ እዚያም ሄዶ ተለየ። ችግሩም ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው መምህር ዞረ።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ፤ የሚያጣላን እሱ ነው።

ባለፈው ስብሰባ አንድ ወንድማችን ተነስቶ ተናግሯል። መዋጮው ትንሽ ነው፣ አስከሬን መላኪያ ያስፈልጋል፣ ሹመይሲ ላለ ሰው ልብስና ስልክ ካርድ ያስፈልጋል፣ ልጆቹ ዛሬ ነገ ወደ አገር የሚገቡ ናቸው ብሏል። ወንድሜ ያለው እውነት ነው። አስከሬን አንድ ወር ሙሉ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲቀር ምን ማለት እንደሆነ ደብተሩን የምይዘው እኔ አውቃለሁ። የሞተውን አንተውም።

ግን ‹‹ዛሬ ነገ የሚገቡ ናቸው›› የሚለውን እንየው። ከልጆቹ አንዷ ዛሬ ነገ ስትባል 13 ዓመት ሞላት። እንደሚገቡ ካመንን ደግሞ ሐርቡ እንደደረሰው ልጅ ባዶ እጃቸውን መግባት የለባቸውም። የምንሰድደው ብር የሚሠራው ቤት ነው፤ ቤቱ ውስጥ የሚኖረው ልጅ ማንበብ ካልቻለ ቤቱን ለማን ሠራነው?

ስለዚህ የምጠይቃችሁ እነዚህን ነው።

አንደኛ፣ የአስተማሪዋ ገንዘብ ወር በገባ በ5ኛው ቀን ይድረሳት። እስከ ዛሬ መዋጮ ሲሟላ ነው የምወስድላት፤ አንዳንዴ 20ኛው ቀን ላይ ይሆናል። ማዳም ደሞዝ ስታዘገይብን ምን እንደምንል ሁላችንም እናውቃለን። እኛም ለሌላ ሰው ማዳም አንሁን።

ሁለተኛ፣ ብቻዋን አትሁን። ከመካከላችን 10ኛና 12ኛ የጨረሳችሁ አላችሁ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ዓርብም ቢሆን፣ ተራ ገብተን ትንንሾቹን ሀሁ እናስቆጥር፤ እሷ ትልልቆቹን ትያዝ። እኔ የመጀመሪያውን ዓርብ እገባለሁ። መካ ላይም ልጆች ሰብስባ የምታስተምር እህት እንዳለች ሰምተናል። ሁለቱን በስልክ እናገናኛቸው፤ ሙያቸውን የሚያወሩበት ሰው ይኑራቸው።

ሦስተኛ፣ ወረቀት። ከአገር ቤት የሚመጣ ሰው የ1ኛ፣ የ2ኛና የ3ኛ ክፍል አማርኛና ሒሳብ መጽሐፍ ይያዝልን፤ ወሎ ያላችሁ ለቤተሰብ ደውሉ። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ደብተር ይከፈት፤ ምን እንደተማረ፣ የትኛውን መጽሐፍ እንደጨረሰ፣ ፈተና ስንት እንዳገኘ አስተማሪዋ ትጻፍበት። ማኅተም የለውም፤ አውቃለሁ። ግን አገር ቤት ያለ መምህር ገልጦ ሲያየው ልጁን የት እንደሚያስቀምጠው ፍንጭ ይሰጠዋል። ለእሷም ሥራዋን የሚያሳያት ነገር ነው።

አራተኛ፣ መግባት የሚችል ይግባ። ኢቃማቸው የሚታደስ ልጆች ካሉ፣ ጥቂት ብር የጎደለውን ቤተሰብ በዕቁባችን እንደግፍና ልጁ መደበኛ ትምህርት ቤት ይመለስ። የእኛ ክፍል በር የተዘጋበት ልጅ የሚጠለልባት ናት፤ በሩ ለተከፈተለት ልጅ መቅረቻ አንዳናደርጋት። የፔታ ቲክቫ ወላጆች ያሉት ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። አሜሪካ ውስጥ ጥቁርና ነጭ ልጆች ተለይተው መማራቸው እ.ኤ.አ. በ1954 በፍርድ ቤት ሕገ ወጥ ተባለ። ልጆቹ ሲቀላቀሉ ግን የጥቁሮቹ ትምህርት ቤቶች ተዘጉና መምህራኑ ሜዳ ላይ ቀሩ። እስከ 1965 ድረስ በ17 ግዛቶች 38 ሺህ የሚሆኑ ጥቁር መምህራንና ርእሰ መምህራን ሥራቸውን አጥተዋል ይባላል። በክፉ ቀን ልጆቹን የያዙ ሰዎች በደህናው ቀን ተረሱ። ነገ ልጆቻችን አንድ በአንድ ወጥተው ክፍሏ ባዶ ብትሆን ደስታችን ነው። ያን ጊዜ ግን አስተማሪዋን ‹‹አበቃ፣ ሂጂ›› አንላትም። ለመሳፈሪያዋም ቢሆን፣ አገር ቤት ገብታ ሥራ እስክታገኝም ቢሆን ማህበሩ የሚይዝላት ነገር ይኑር።

አምስተኛው ገንዘብ አያስወጣም። ክፍሏን፣ ልጆቹን፣ አስተማሪዋን ፎቶ አታንሱ። ኢሞ ላይም ሆነ ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ። ለልጃችሁ ኮርታችሁ እንደሆነ ይገባኛል፤ አንድ ፎቶ ግን 19 ልጅ ይበትናል፣ እሷንም ሹመይሲ ያስገባል። ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ‹‹ማቆያ›› አትበሉ። ትምህርት ቤት በሉ። ልጆቹ ይሰማሉ፤ እሷም ትሰማለች።

ከመቀመጤ በፊት አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። እዚህ ከተቀመጥነው አብዛኞቻችን ፊደል ያስቆጠረን ሰው አለ። ደሞዙ ትንሽ ነበር፣ ጫማው የተበላ ነበር፣ ክፍሉም በልጅ የተጨናነቀ ነበር። ያ ሰው ስለ እኛ ተስፋ ቆርጦ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የኮንትራታችንን ወረቀት ራሳችን አናነብም፤ ሀዋላ ስንልክ ስማችንን የሚጽፍልን ሰው እንፈልግ ነበር። እነዚህ 19 ልጆች አሁን ያላቸው አንድ ሰው ነው፤ ያ ሰውም ደክሟል።

መስከረም ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። መልሱን ይዤላት የምሄደው ዛሬ ማታ ነው።

ትቀጥል የምትሉ፣ እጃችሁን አውጡ።